ትኩሳቱ ሲወርድ

ምንተስኖት የታመመው ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲማር ነው። ያን ሁሉ ጎረምሳ አንድ ጎጆ አጉረው፣ ደበሎ ለደበሎ ተጠጋግቶ እያደረ፣ ቅማል ያልፈላ ምን ሊፈላ ነው! መጀመሪያ እሳት ሆኖ ሰነበተ። ከዚያ ለቀቀው። እናቱ ማንአለሽ «ተመስገን» ብላ ሳትጨርስ መልሶ ጣለው። ያላት እሱ ብቻ ነውና በቃሬዛ አሸክማ ንፋስ መውጫ ሐኪም ቤት አስተኛችው።

ነርሷ ህይወት ደሙን አስመርምራ መጣች። «ግርሻ ነው እማማ፤ ቅማል የሚያመጣው፣ እየሄደ የሚመለሰው ትኩሳት» አለቻት። መርፌውን ከወጋችው በኋላም ፊቷ አልተፈታም። «አሁን ይብስበታል፤ አይደንግጡ። እኔ የምፈራው ሲወርድለት ነው። ያን ጊዜ ልቡ ይዝላል፤ ተነስቶ ከቆመ ልቡ ቀጥ ሊል ይችላል። ለሽንት እንኳ እንዳያስነሱት!»

እውነቷን ነበር። ብዙም ሳይቆይ አልጋው እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠ። «ኧረ የማርያም ያለህ! ልጄን ጨረሱት!» ብላ ጮኸች ማንአለሽ። በዚያ ላይ የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎች «ይሄ መርፌ የማይወድ በሽታ ነው» እያሉ አንጀቷን አራሱት! ህይወት እጇን ይዛ አረጋጋቻት።

ከቀትር በኋላ ላብ አጠመቀው። እናቱ ግንባሩን ብትዳስሰው ቀዝቅዟል። ዓይኑን ገለጠና «እማ፣ ራበኝ» አላት። እልል ልትል ቃጥቷት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ህይወት ወደ ሌላ በሽተኛ ተጠርታ ስትወጣ ከበሩ ላይ ዞር ብላ «አደራ፣ እንደተኛ!» አለች። ማንአለሽ ከልቧ እሺ አለች። ፍርሃቷ ግን ከትኩሳቱ ጋር አብሮ ወጥቶላት ነበር።

ወዲያው በሩ ላይ ነጭ ጥምጥም ታየ። የልጇ መምህር የኔታ ተክለ ማርያም ተማሪያቸውን ሊጠይቁ ከቤተ ልሔም ድረስ መጥተዋል። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲገቡ ክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ተነሳ።

ምንተስኖት በክርኑ ሲፍጨረጨር አየችው። የኔታ ቆመው ተማሪያቸው ተኝቶ! ምን ብላ አሳደገችው ሊባል ነው? የነርሷ ቃል ትዝ ሳይላት ቀርቶ አይደለም። ግን ላንድ አፍታ ነው፣ ጉልበት እስኪስም። ደግሞስ ቀዝቅዟል እኮ! ብብቱን ደግፋ አቆመችው።

«ኖር፣ የኔታ» አለ።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ ተኛ ልጄ፣ በሞቴ!» አሉ የኔታ እጃቸውን እያራገቡ።

ምንተስኖት ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ክብደቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ክንዷ ላይ ወረደ።

«ይበቃል የኔ ጌታ፣ ስመሃቸዋል፤ ቀና በል» አለችው ማንአለሽ።

ቀና አላለም።