ሚርታ በሌለችበት የካቲት

የካቲት ሲገባ የቦነስ አይረስ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሁሉ ከተማዋን ለቀው ወደ ባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ። ሰውም ጭንቀቱን እስከ መጋቢት ይዞ ይቆያል።

ኖርቤርቶ መቆየት አልቻለም። እኔና እሱ ቦኤዶ ሰፈር አሮጌ ሶፋ እናድሳለን። ዕድሜው አርባ ስድስት ነው። ቤቱንም የቀድሞ ሚስቱንም የመረጠለት ታላቅ ወንድሙ ኤቤር ነው፤ ራሱ የመረጠው ይህን ሥራ ብቻ ነው። አሁን ኤቤር ሮዛሪዮ ከተማ ላይ መጋዘን ከፍቶ፣ «ዓርብ መጥቼ እወስድሃለሁ፤ አንተ ትጠብቅልኛለህ» ብሎታል።

ማክሰኞ ዕለት ኖርቤርቶ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሚርታ ጋ ደወለ። ሁለት ዓመት በየሳምንቱ የሚሄደው እሷ ዘንድ ነው። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ስላስቀመጠው ሁላችንም ሰማን።

«እረፍት ላይ ነኝ፣ ኖርቤርቶ።»

«አውቃለሁ። አንድ ቃል ብቻ ንገሪኝ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«መጋቢት ሦስት እንገናኝ።»

«ዓርብ እኮ ነው የሚወስደኝ!»

«ዓርብ እዚያ የምትገኘው አንተ ነህ፤ እኔ አይደለሁም» አለችና ዘጋች።

አሠሪያችን ዶን ፋውስቶ ሳቁ። «ሁለት ዓመት ተመላልሰህ ይችኑ ነው ያገኘኸው? እኔ በነጻ ልንገርህ፤ ቅር!»

ኖርቤርቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ዶን ፋውስቶ፣ እርስዎም አይንገሩኝ» አላቸው።

ዓርብ ኤቤር መኪናውን በር ላይ አቁሞ ገባ። «ሻንጣህስ?»

ኖርቤርቶ እንደ ማንኛውም ሶፋ አዳሽ ትንንሽ ምስማሮች በአፉ ይዞ ነበር። አንድ በአንድ መዳፉ ላይ ተፋቸው።

«አልሄድም።»

«ቀልዱን ተወውና ና፤ መኪናው ፀሐይ ላይ ነው።»

«አልሄድም አልኩህ።»

«ያቺ ሴትዮ ናት እንዲህ በል ያለችህ?»

«እሷ እረፍት ላይ ናት።»

«ታዲያ ማን በል አለህ?»

«ማንም። እኔ ነኝ።»

ኤቤር ወደ ዶን ፋውስቶ አየ፤ ወደ እኔም አየ። እኔ አቀረቀርኩ። «እንግዲያው እሁድ እሁድ እኔ ቤት ምሳ የሚባል ነገር እርሳው!» አለ።

«እሺ» አለ ኖርቤርቶ።

ኤቤር ብቻውን ሄደ።

ሰኞ፣ እሁድን እንዴት እንዳሳለፈ ጠየቅሁት።

«እስከ ቀትር ተኛሁ» አለኝ። «ከዚያ ራበኝ። ምን መብላት እንደምፈልግ ለማወቅ አንድ ሰዓት ሙሉ መንገድ ለመንገድ ዞርኩ።»

«አገኘኸው?»

«ዓሣ» አለ። «ኤቤር ዓሣ አይወድም።»