መዝጊያ ያጣ ጸሎት

«ሳቢው እንጂ፤ እጅሽ ሞቷል እንዴ?»

አንሶላው ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። ቁንጥንጥ ሁለቱን ጫፎች አፈፍ አድርጋ ወደ ኋላ ከለጠጠች በኋላ ነው ያናገረቻት ማን እንደሆነች የገባት። ከአንሶላው ማዶ ታላቅ እህቷ ቆማለች። በዚህ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሰባት ወር ሙሉ ፊት ለፊት ቆመው አንሶላ ሲያጥፉ ከእህቷ አፍ አንዲት ቃል ወጥታ አታውቅም ነበር።

«አናገርሽኝ?» አለች፣ ጆሮዋን ሳታምን።

«እስከ ምሳ ደወል ተፈቅዶልኛል።»

«ማነው የፈቀደልሽ?»

«ማን ይመስልሻል? የጉባኤያችን መሪ ናቸዋ። ይልቅ እጠፊ።»

ጫፍ ለጫፍ አገናኝተው፣ አንዷ ወደ ሌላዋ ተራምዳ፣ ደረት ለደረት ሲደርሱ ቁንጥንጥ ጫፉን አስረከበች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በቆረጣ አየችው። ለደወሉ አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረም። የሰባት ወር ወሬ በዚህች ውስጥ እንዴት ይገባል? ቀኝ እግሯ እንደ ልማዷ ሲሚንቶውን ይደበድብ ጀመር።

«ቁንጥንጥ» ያሏት እዚሁ የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፣ በዚህ እግር ምክንያት። ዱሮ እንዲህ አልነበረችም። ከእህቷ ጋር ባደገችበት የጸሎት ጉባኤ አዳራሽ ሦስት ሰዓት እንደ ምሰሶ ቆማ ትውል ነበር። ከጉባኤው ከወጣችና አባላቱ እንዳያናግሯት ከተከለከሉ ወዲህ ግን መቀመጫዋ እሾህ ሆኖባታል። በእረፍት ቀኗ ከአንዱ የጸሎት ቤት ወደ ሌላው ትዞራለች። አንዱ ጋ መዝሙሩ ልቧን ያባባዋል፣ ሌላው ጋ ዝምታው ደስ ይላታል። ሁሉም ጋ የምትቀመጠው በር ሥር ነው፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ሲጀምር ብድግ ብላ ትወጣለች።

ምክንያቱን ለማንም ነግራ አታውቅም፣ ሲነገር ያስቃላ። በጉባኤው ሕግ ሰው ብቻውን አይጸልይም። አንዱ ሲጸልይ ሌላው አጠገቡ ይቆምና፣ ሲያበቃ «ተሰማ፤ ተዘጋ» ይልለታል። ሳይዘጋ የቀረ ጸሎት በሩን ከፍቶ እንደተኛ ሰው ቤት ነው፣ ማን ገብቶ እንደሚያድርበት አይታወቅም ተብለው ነው ያደጉት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የእሷን የምትዘጋላት ይህች እህቷ ነበረች። ከወጣች በኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትጀምራለች፣ አውቶቡስ ውስጥ ትጀምራለች፤ የሚዘጋላት ስለሌለ መሃል ላይ ትተወዋለች። ሌሊቱን የተከፈተ በር የሚንቋቋ እየመሰላት እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም።

«እማዬ እንዴት ናት?»

«ጉልበቷ ብሶባታል።»

«ማን ያሽላታል?»

«እኔ ነኛ። ሊጥ ነው እንዴ የምታቦኪው እያለች ስትሰድበኝ ታመሻለች። ያቺ ትሻል ነበር ትላለች።»

«‹ያቺ› እኔ ነኝ?»

«ስምሽንማ አትጠራም። የተከለከለ አይደል።»

ተያዩና ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው። አንሶላው በመሃላቸው ተንቀጠቀጠ። ቀድማ ፊቷን የሰበሰበችው እህቷ ናት።

«ስሚኝ» አለች። «ከነገ ጀምሮ ስፌት ክፍል ነኝ፤ ራሴ ጠይቄ ነው የተዛወርኩት። እሑድ ስምሽ ከመዝገብ ይሰረዛል። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ባይሽ እንኳ…»

«እንኳ ምን?»

«መንገድ እቀይራለሁ። እማዬም እንደዚሁ። እሑድ መጥተሽ፣ በሰው ፊት ቆመሽ ‹ተሳስቻለሁ› ካልሽ ግን ያበቃል። ማታውኑ ቤት ትገቢያለሽ።»

ቁንጥንጥ የሚቀጥለውን አንሶላ ከጋሪው መዘዘች። በሰው ፊት መቆም ሲባል የምትታያት አንዲት ሴት ናት። ባሏን በቀበረች በሳምንቷ በጉባኤው መሃል ስትጸልይ «ለምን?» ብላ አምላኳን ጠየቀች። መሪው ማንም እንዳይዘጋላት እጃቸውን አነሱ። ሴትዮዋ መዳፎቿን ዘርግታ ጀንበር እስክትጠልቅ ቆመች። ቁንጥንጥ ከአጠገቧ ነበረች፤ «ተዘጋ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥቶ ዋጠችው። በሳምንቱ ቁንጥንጥ ወደ ጉባኤው አልሄደችም፣ ከዚያም በኋላ አልሄደችም። የዋጠችው ቃል ግን እስካሁን ጉሮሮዋ ላይ አለ።

በሩ ተንቋቋና የቦይለር ሠራተኛው ጋሽ እንፋሎት መፍቻ ይዘው ገቡ። እኚህ ሰው እንደ ሁልጊዜው ከአምላካቸው ጋር እያወሩ ነው።

«…እና የልጄን ነገር አደራ ብዬሃለሁ። ይቺም ቧንቧ ዛሬን ብቻ ትቻልልኝ፣ ነገ መለዋወጫው ይመጣል ብለውኛል… አንቺ ልጅ፣ ይሄን ጋሪ ከእግሬ ሥር አንሺልኝ እስቲ፣ ልትሰብሪኝ ነው? … እህ፣ ምን እያልኩህ ነበር?»

ቁንጥንጥ ጋሪውን ሳበችላቸው። ስንት ጊዜ ልትጠይቃቸው ፈልጋ አፍራለች። ዛሬ ሰዓቱ ነው መሰል የገፋፋት።

«ጋሼ፣ ጸሎትዎን ማን ይዘጋልዎታል?»

«የምን መዝጋት? ሱቅ ነው እንዴ?»

«ሲጨርሱ ማለቴ ነው።»

«ጨርሼም አላውቅ።» ቧንቧውን አንዴ ጠመዘዙትና ጆሯቸውን ጣል አደረጉበት።

«ታዲያ እንዲሁ ትተውት ይሄዳሉ?»

«ትቼው የት እሄዳለሁ? ከምሳ በኋላ እቀጥላለሁ እንጂ።»

እያጉረመረሙ ወጡ። «ድፍረት» አለች እህቷ በሹክሹክታ። ግን እጇ ውስጥ ያለውን አንሶላ ረስታው፣ የወጡበትን በር እያየች ነበር።

ለደወሉ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጋሪው ውስጥ ጥቂት አንሶላዎች ብቻ ቀሩ። እህቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ከስተሻል። እንቅልፍ እንደማትተኚ ዓይንሽ ይናገራል። ጸልዪ፣ እዘጋልሻለሁ።»

ቁንጥንጥ ቀና አለች። «የምርሽን ነው እትዬ?»

«ጀምሪ፣ ሰዓት የለንም።»

አንሶላውን በመሃላቸው እንደወጠሩ ዓይኗን ጨፈነች። «አምላኬ» አለች፣ ድምጿ እየሻከረ። «የእማዬን ጉልበት እይላት። የእህቴን እጅ አበርታላት፣ እኔ ሳልኖር ሁሉንም ብቻዋን ነው የምትሠራው። ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት ያን ቀን የጠየቀችህን መልስላት። እኔንም፣ ዝም ስላልኩ…»

«ተሰማ፤ ተዘጋ» እስክትላት ጠበቀች። መተኮሻው ማሽን ብቻ ያጓራል። ዓይኗን ስትገልጥ እህቷ ከንፈሯን ገጥማ ታያታለች።

«እሑድ ትመጫለሽ?» አለች እህቷ።

«ዝጊልኛ።»

«እመጣለሁ በይኝና አሁኑኑ እዘጋዋለሁ። አንድ ቃል እኮ ነው። እባክሽ።»

እህቷ ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ቁንጥንጥ ግን በእነዚያ የተገጠሙ ከንፈሮች ላይ ያየችው ያን የተነሳ የመሪውን እጅ ነው።

«አንቺም አነሳሽብኝ እትዬ» አለች ቀስ ብላ።

«ምኑን?»

ደወሉ ጮኸ። እህቷ ልትመልስ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው። ፈቃዱ አለቀ።

አንሶላው ግን በእጃቸው ነበርና አጠፉት። ተራመዱ፣ ተገናኙ። ጫፉን ስትረከባት የእህቷ ጣቶች ማጠፉ ከሚፈልገው በላይ እጇ ላይ ቆዩ። ከዚያ አንሶላውን ክምሩ ላይ አኖረች፣ ሽርጧን ፈታች፣ በሩ ጋ ስትደርስ አንዴ ዞር ብላ አየቻትና ወጣች።

በሌላ ቀን ቢሆን ደወሉ ሲጮህ ቀድማ የምትፈተለከው ቁንጥንጥ ናት። አሁን ግን ወደ ጋሪው ተመለሰች። አንድ አንሶላ አወጣች፣ ሁለቱን ጫፎች በጋሪው እጀታ ላይ አሰረች፣ ሌሎቹን ሁለቱን ይዛ ወደ ኋላ ሄዳ ወጠረችው። ብቻዋን ስታጥፈው ተንጋደደባት። ፈታችና እንደገና ጀመረች።

«እህ» አለች፣ አንሶላውን እየለጠጠች። «ምን እያልኩህ ነበር? አዎ፣ ዝም ስላልኩ ነበር ያልኩህ።»