ከበሩ ፊት የቆመው በርሜል

ልጄ ኢንቲሳር ካርቱም ድረስ ሄዳ የተማረችው ማሽላ ማፍሰስ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ነበር የምመልሰው። ሐኪም ትሆናለች ብዬ ስጠብቅ «ስታቲስቲካል ፊዚክስ» ብላኝ ስለመጣች አኩርፌ ነበር። ጦርነቱ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ገዳሪፍ ወደ እኔ ሲመልሳትም ያው ናት። የላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጣ ትዘቀዝቅና ማሽላ ትሞላበታለች። ማሽላው ትንሽ ይወርድና አንገቱ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው መውጫውን ዘግተውት ነው ትለኛለች።

«አንዷ ፍሬ ወዴት እንደምትሄድ ማንም አያውቅም፣ እማ። ብዙ ሲሆኑ ግን ጠባያቸው ይታወቃል። የወፍ መንጋም፣ ሰውም እንደዚያው ነው።»

«በረሃብ ዘመን እህል መጫወቻ ስታደርጊ ፈጣሪን አትፈሪም?» እላታለሁ።

ዘመኑ እውነትም የረሃብ ነበር። የሲንጃ ከተማ ሰው ጦርነት ሸሽቶ ወደ እኛ በጎረፈበት ክረምት፣ የሰፈሩ ሴቶች በአንድ አሮጌ የሰሊጥ መጋዘን ግቢ ተኪያ ከፍተን ነበር፤ የተራበ ሁሉ በነጻ የሚበላበት ማለት ነው። ዐሲዳውን፣ የማሽላ ገንፎውን፣ የማገነፋው እኔ ነኝ። በእጅ ሙያዬ ማንም አይመጣብኝም።

ያስቸገረን በሩ ነው። ጠባብ ነው። ገና ሲከፈት ሰዉ ባንድ ጊዜ ይመጣና ተቀርቅሮ ይቀራል። ከኋላ ያለው ይገፋል፣ ከፊት ያለው ይጮኻል፣ የሚገባ ግን የለም። በመጨረሻ አንድ ሕፃን ተረግጦ እግሩ ተሰበረ። የሰፈሩ ኮሚቴ ኃላፊ ጀማሉ መጥቶ ቁርጡን ነገረኝ።

«ኻልቲ በለጡ፣ ነገ ደግሞ ሰው ከተረገጠ ኸላስ፣ በቃ፣ ተኪያውን እዘጋዋለሁ። ረሃቡ ሳይገድላቸው በሩ ሊገድላቸው ነው።»

ምን ብዬ ልከራከረው? ልክ ነው። ቢዘጋ ግን ያ ሁሉ ሰው ሌላ የሚቀምሰው አልነበረውም።

በማግስቱ ጠዋት ኢንቲሳር ባዶ በርሜል እያንከባለለች መጣች።

«ከበሩ ፊት ላቆመው ነው» አለችኝ።

«አብደሻል? በሩ ጠበበን ብለን ስናለቅስ ጭራሽ ልትደፍኚው?»

«ዩማ፣ ኸሊኒ፣ ተይኝ! ከኋላ የሚመጣውን ግፊያ በርሜሉ ይቀበለዋል፤ በሩ ላይ ያሉት ይተነፍሳሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ጠጠር አንጠልጥዬ ሞክሬዋለሁ፤ ማሽላው ሳይቆም ነው የወረደው።»

ጀማሉ ሳቀ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን ግትር ናት፤ ከማን እንደወረሰችው አልናገርም። በርሜሉን አፈር ሞላችና ከደጅ፣ ከበሩ ትንሽ ራቅ አድርጋ ልክ መሐሉ ላይ ተከለችው።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የመጡት ጎረምሶች በግራና በቀኝ ሽው ብለው ገቡ። ቀጥላ ራሒማ የምትባል የሲንጃ ሴት ሦስት የልጅ ልጆቿን እጅ ለእጅ አያይዛ ደረሰች። እሷ በግራ ስትመጣ ትንሹ በቀኝ ተገፋ። በርሜሉ መሐላቸው ገባ። እሷ አልለቅም አለች፤ ልጁ ያለቅሳል፤ ከኋላ ያለው ይገፋል። ራሒማ ልጄን ከነዘሯ ረገመቻት። አልፈረድኩባትም። እኔም በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከቋራ ስንሰደድ የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ ነው እዚህ የደረስኩት። መንገድ ላይ ሰው የቀረበት ሰው የቀረውን አይለቅም።

«ዝጉት!» ብሎ ጮኸ ጀማሉ።

ኢንቲሳር ፊቷ አመድ መሰለ። «ማሽላ እጅ ለእጅ አይያያዝም!» አለች፣ ራሷን እንደመቆጣት። «ሰው ይያያዛል! እንዴት ረሳሁት?» ከዚያ ሰዉ መሐል ዘላ ገብታ በርሜሉን በትከሻዋ መግፋት ጀመረች። አፈር የሞላ በርሜል ለብቻ የሚነቃነቅ አይደለም። ማማሰያዬን ወርውሬ አብሬያት ገፋሁ፤ ሁለት ጎረምሶችም አገዙን። በርሜሉ ከመሐል ተነስቶ ወደ በሩ አንድ ጎን ተጠጋ። አሁን የተያያዘ ሁሉ ሳይለያይ በአንድ ወገን ያልፋል፤ የኋላው ግፊያ ደግሞ በርሜሉ ላይ ያርፋል።

ሰዉ ገባ። ተያይዞ፣ ሳይጮኽ፣ ሳይረጋገጥ ገባ። «የእኔ ልጅ ናት!» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ነገም ይከፈታል?» አልኩት ጀማሉን።

«ይከፈታል። ግን ኡስታዛ» አላት፣ መምህርት ማለቱ ነው፣ ወደ ኢንቲሳር ዞሮ፣ «በሌሎቹ ተኪያዎችም ይሠራል?»

«እንዴታ!» አልኩ እኔ።

«እማ! እኔ እኮ አላውቅም። በሩም ሰዉም ይለያያል፤ ሄጄ ማየት አለብኝ።»

አላውቅም ስትል እንኳ አኮራችኝ።

ራሒማ ከነልጅ ልጆቿ ድስቱ ጋ ደረሰች። ዐሲዳውን በትልቅ ሳህን ሞልቼ ዘረጋሁላት። ሳህኑ ትኩስ ነው፣ ከባድ ነው፤ በአንድ እጅ አይያዝም። ትልልቆቹ ሁለቱ ቀሚሷን ጨበጡ። እሷ ግን የትንሹን እጅ እንደያዘች ቆመች። ሳህኑን አየች፣ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ የልጁን እጅ አንስታ አጠገቤ በቆመችው በኢንቲሳር መዳፍ ውስጥ አኖረችና ምግቧን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።