በዮሺኖቡ ሕይወት የተያዘው ቤት

ቺዙሩ ቆጣቢ ናት ማለት ባሕር እርጥብ ነው እንደ ማለት ነው፤ ማንም አይከራከርም። ቤተሰቡ የታጠበበትን የገንዳ ውሃ በትንሽ ፓምፕ ስባ ልብስ ታጥብበታለች፤ ይህንንስ በታካኦካ ከተማ ውስጥ የማያደርግ የለም። እሷ ግን ከዚያም የሚተርፈውን በባልዲ አውጥታ ደጃፏ ላይ የተቆለለውን በረዶ ታቀልጥበታለች። ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ የምትገዛው አመሻሽ ላይ፣ ሱቁ የግማሽ ዋጋ ወረቀት ከለጠፈበት በኋላ ነው። በክረምት ማሞቂያ የሚበራው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌላ ክፍል መግባት ያማረው ካፖርቱን ደርቦ ይግባ።

ይህ ሁሉ ለቤቱ ነበር። ከሃያ አራት ዓመት በፊት፣ ባሏ ዮሺኖቡ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ሳለ፣ በሠላሳ አምስት ዓመት የሚከፈል ብድር ወስደው ጥቁር የሸክላ ጣሪያ ያለው ቤት ገዙ። ውሉን በፈረሙ ማግስት ቺዙሩ ቁጭ ብላ አሰላች። ዕዳው የሚያልቀው ባሏ ሰባ ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ደመወዙ ግን በስልሳ አምስት ያበቃል። በመሀል ያሉትን ስምንት ዓመታት በምን ልንከፍል ነው ብላ ጠየቀችው። መልሱን ያገኘችው ራሷ ናት።

በየዓመቱ ሐምሌና ታኅሣሥ የመዳብ ፋብሪካው ለዮሺኖቡ ቦነስ ሲሰጠው፣ እሷም ከምትሠራበት የዓሣ ማቀነባበሪያ ያገኘችውን ደምራ ባንክ ትሄዳለች። እዚያ የሚቀርብላት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከመደበኛው በላይ የከፈሉት ገንዘብ የየወሩን ክፍያ ያቅልልልዎት ወይስ ዓመቱን ያሳጥርልዎት ይሏታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያመነታል፤ የወሩ ክፍያ ቢቀልለት የማይወድ ማን አለ? ቺዙሩ ግን ጥያቄው ሳያልቅ "ዓመቱን" ትላለች። ለእሷ የከፈለችው ገንዘብ አልነበረም፣ ከባሏ እርጅና ላይ ያነሳችው ሸክም ነበር። ሰባ ሦስት የነበረው ሰባ አንድ ሆነ፣ ከዚያ ስልሳ ዘጠኝ፣ አሁን ደግሞ ስልሳ ስድስት ላይ ደርሷል።

ዮሺኖቡም እንደማንኛውም የአገሩ ባል ደመወዙን እንዳለ ለሚስቱ አስረክቦ የኪስ ገንዘቡን ከእሷ ይቀበላል። ሠላሳ ሺህ የን የነበረው ሃያ ሆነ፣ ኋላም አሥራ አምስት። ሲጋራውን በአምስተኛው ዓመት ተወው። የሥራ ባልደረቦቹ ሚስትህ የምትተነፍሰውንም አየር ትለካልሃለች አሉ እያሉ ያበሽቁታል፤ እሱም ትለካለች፣ ግን ሚዛኗ አያጭበረብርም ብሎ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር ቤቱን ከእሷ በላይ የሚወደው እሱ ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ሳለ አባቱ በአንጀት ሕመም ሁለት ዓመት ሆስፒታል ተኝተው፣ መጀመሪያ የሩዝ ማሳቸው፣ ቀጥሎ ቤታቸው ተሸጠ። በመጨረሻ አባትየውም አልዳኑም። ዮሺኖቡ ከእናቱ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል አደገ።

በዚህ ክረምት የቀራቸው የአራት ዓመት ዕዳ፣ ሁለት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺህ የን ብቻ ነበር። ቺዙሩ ያንን ያህል አጠራቅማለች። በጥር ወር ለባንኩ ደውለው ዕዳውን ባንድ ጊዜ መዝጋት እንደሚፈልጉ አመለከቱ፤ ለየካቲት ሁለተኛው ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተቀጠሩ። ቺዙሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን እየዞረች ግድግዳውን በመዳፏ መንካት ጀመረች። ቢያዩዋት ታፍር ነበር።

ረቡዕ እራት ላይ ዮሺኖቡ ሾርባውን ጨርሶ፣ ሳህኑን እያየ፣ የነገው ቀጠሮ ይቅር አለ። ወለዱ ዝቅተኛ ነው፣ ምን አጣደፈን፣ ጥሬ ገንዘብ በእጅ ቢኖር ይሻላል፣ ቴሌቪዥን ላይም እንደዚያ ሲሉ ሰምቻለሁ አለ። የመሰረዣ ደብዳቤውን ጽፎ፣ እንደ ፊርማ የሚያገለግለውን የስሙን ማኅተምም አትሞበት ነበር። ቺዙሩ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ወለድ አንድ ቃል ተንፍሶ የማያውቀውን ሰው ትክ ብላ አየችው። ምን ሆንክ ብትለው ምንም አለ። ስትደግምለት ሊታጠብ ተነስቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ደብዳቤውንና ማኅተሙን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ባንክ ልትሄድ ወጣች። ዮሺኖቡ ወደ ሥራ የሚሄደው በፋብሪካው አውቶቡስ ስለሆነ ትንሿ መኪና የእሷ ናት። መስታወቱ በበረዶ ተሸፍኗል። መጥረጊያ ጨርቅ ፍለጋ ከመሪው ጎን ያለውን፣ ዮሺኖቡ መኪናዋን ሲያጸዳ ብቻ የሚከፍተውን ኪስ ስትከፍት፣ ከጨርቁ ሥር ሁለት ጊዜ የታጠፈ ፖስታ አገኘች።

ከፋብሪካው ዓመታዊ የጤና ምርመራ የመጣ ደብዳቤ ነበር፤ የተጻፈው በጥቅምት ነው። በሰገራዎ ውስጥ ደም ተገኝቷል፣ ሳይዘገዩ ሆስፒታል ቀርበው የአንጀት ምርመራ ያድርጉ ይላል። ከእሱ ጋር ሌላ ወረቀት አለ፤ ብድሩን ሲወስዱ የፈረሙት የኢንሹራንስ ውል። አንዱ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል። ተበዳሪው ከሞተ ቀሪው ዕዳ በሙሉ በኢንሹራንሱ ይከፈላል።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዛ ብዙ ጊዜ ተቀመጠች። ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ የሚገባው ነገር ነው። ባሏ ሆስፒታል ላለመሄድ ወስኗል። ከሞተ ዕዳው አብሮት ይሞታል፣ ቤቱ ይቀርላታል፣ ያጠራቀሙት ሁለት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺህ የንም ሳይነካ ይቀርላታል። ለዚህ ነው ወለድ ዝቅተኛ ነው ያለው። አራት ወር ሙሉ ይህንን ይዞ ከእሷ ጋር እራት በልቷል።

ከዚያ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ደብዳቤው ከመምጣቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ዮሺኖቡ ጥርሱ ተሰብሮ ተሠርቶለት ነበር። ሂሳቡን ስታይ ይህ ጥርስህ የታኅሣሥን ክፍያ ግማሹን በላው አለችው። አንድ ቀን ብቻ ብትለው ይረሳ ነበር፤ እሷ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስትነጫነጭ ከረመች። ስለ ጥርስ እንዲህ ካለች ስለ አንጀት ምን ልትል ነው? ሰውየው ፈርቶ ደበቀ። የፈራው ሞትን ብቻ አይደለም፣ እሷንም ነው። ቺዙሩ ይህንን ለራሷ ስትናገር ፊቷ ተቃጠለ።

ወደ ባንክ የሚወስደውን መንገድ ትታ ወደ ፋብሪካው ነዳች። ስድስት ሰዓት ላይ በር ላይ ደርሳ ጥበቃው እንዲጠራላት ለመነችው። ዮሺኖቡ የምሳ ዕቃውን እንደያዘ እየሮጠ መጣ፤ ሰው የሞተ መስሎት ነበር። መኪናው ውስጥ አስገባችውና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ዮሺኖቡ ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

"ይሄን መቼ ልታሳየኝ ነበር?" አለችው፣ ፖስታውን ጭኑ ላይ አስቀምጣ።

"አላሳይሽም ነበር" አለ።

ዮሺኖቡ ሲዋሽ አያምርበትም፤ ትናንት ሞክሮ አይቶታል። ስለዚህ እውነቱን ተናገረ፣ ስለ ተበላሸ ማሽን እንደሚያስረዳ ሠራተኛ ረጋ ብሎ። የአባቱ በሽታ ከሆነ መጨረሻውን ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ሆስፒታል፣ ገንዘቡ ያልቃል፣ ሰውየውም ያልቃል። ካልተመረመረ ግን ቢያንስ አንዱ ይተርፋል። "አስልቼዋለሁ" አለ። "ደግሞ ስሌት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።"

"እኔ ያስተማርኩህ ዓመት ማሳጠር ነው፤ የዕዳውን። ያንተን አይደለም።"

ዮሺኖቡ ፖስታውን ጭኑ ላይ ገለበጠው።

"ቶፉ ነህ እንዴ አንተ? ማን ነው የግማሽ ዋጋ ወረቀት የለጠፈብህ?" አለችና መልሱን ራሷ ሰጠች። "እኔ ነኝ። ስለ ጥርስህ ያልኩትን ይቅር በለኝ።"

"በጥርሱስ ልክ ነበርሽ" አለ ዮሺኖቡ። "ውድ ነበር።"

ሊያስቃት ነው፤ አልሳቀችም። የአባትህ ዘመን አልፏል አለችው፤ ዛሬ የሕክምናውን አብዛኛውን ወጪ መንግሥት ይሸፍናል፣ የቀረውን ሠርተን እንከፍላለን፣ እኔ እጅ አለኝ። ከዚያ ሰዓቷን አየች። አለቃህን አስፈቅድና ና፣ ቀጠሯችን ስምንት ሰዓት ነው አለችው።

"ለመሰረዝ?"

"ለመክፈል።"

እዚህ ላይ ገንዘብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከዮሺኖቡ ጎን ይቆማል። የምርመራው ውጤት ሳይታወቅ ዕዳውን መዝጋት ኢንሹራንሱን በገዛ እጅ መጣል ነው፤ ሁለት ወር ቢታገሡ ምን ነበረበት? ዮሺኖቡም ይህንኑ አላት። ውጤቱን አይተን ብንከፍል ምን ይለናል፣ ለምን ትንሽ አንጠብቅም አላት።

"ምኑን ነው የምንጠብቀው?" አለች። "ንገረኝ እስኪ። አንተ እዚያ ተኝተህ ባቃሰትክ ቁጥር እኔ ስለ ዕዳው ላስብ? አስባለሁ እኮ። ሰው ነኝ፤ ታውቀኛለህ፣ ሳልፈልግ አሰላለሁ። ያንን ሐሳብ ቤቴ ውስጥ አላሳድረውም። ሁለት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺህ የን ይውሰዱትና ይሂዱ።"

ዮሺኖቡ ፖስታውን አጥፎ ካፖርቱ ኪስ ከተተው። ከዚያ ወርዶ አለቃውን ሊያስፈቅድ ሄደ። በስድስት ዓመት ውስጥ የግማሽ ቀን ፈቃድ ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ባንክ ውስጥ የተቀበለቻቸው ሆሪታ የምትባል ወጣት ነበረች፤ ቺዙሩን በየሐምሌውና በየታኅሣሡ ስለምትመጣ ታውቃታለች። እንኳን ደስ አላችሁ ብላ ወረቀቶቹን ደረደረች። ገንዘቡ ከሂሳባቸው ሊወጣ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው የተበዳሪው ማኅተም ብቻ ነው። ከማተሙ በፊት ግን አንድ የምታነብለት ነገር አለ። ለሁሉም የምታነበው ስለሆነ ቀና ሳትል አነበበችው።

"ብድሩ ዛሬ ሲዘጋ በሕይወትዎ ላይ የተገባው ኢንሹራንስም ዛሬውኑ ይቋረጣል። ከዛሬ በኋላ ምንም ነገር ቢደርስብዎት በዚህ ውል የሚከፈል ገንዘብ የለም። ይህን ተረድተው ተስማምተዋል?"

ዮሺኖቡ ማኅተሙን እንደያዘ ቀረ። ሆሪታ አልሰማኝም ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችለት። ቺዙሩ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ጠረጴዛውን ታያለች። እስከዚህ ድረስ ጎትታ ያመጣችው እሷ ናት፤ ይህቺን ግን በእሱ ፋንታ ልትመልስለት አትችልም። እምቢ ቢል ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ የፈራችው ነገር የለም።

"ተረድቻለሁ" አለ ዮሺኖቡ። "ይቋረጥ።"

ማኅተሙን አተመ። ሆሪታ ወረቀቱን ተቀብላ፣ የቤቱ መያዣ የሚነሳበት ሰነድ በፖስታ እንደሚደርሳቸው ነገረቻቸው፤ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አመሰገኑና ወጡ። በጠቅላላው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ደጁ ላይ በረዶው ወደ ዝናብ ተቀይሯል። ባንኩ ጣሪያ ሥር ተጠግተው ቆሙ።

"እንግዲህ ብሞት አንድ የን አታገኚም" አለ ዮሺኖቡ።

"አንድም።"

"ኪሳራ ነው ማለት ነው።"

"ከባድ ኪሳራ" አለች ቺዙሩ።

ዮሺኖቡ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ፖስታውን ከካፖርቱ ኪስ አውጥቶ ዘረጋው፣ ግርጌው ላይ ያለውን የሆስፒታሉን ቁጥር በአውራ ጣቱ እያንዳንዱን ቁጥር እየተጫነ ደወለ። ስሙን ተናገረ፣ የተወለደበትን ቀን ተናገረ። ደብዳቤው የደረሰዎት መቼ ነው ሲሉት በጥቅምት አለ። ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ተናገሩት፤ አንገቱን ደፍቶ አዎ፣ ልክ ነዎት፣ ዘግይቻለሁ አለ።

ወደ ቺዙሩ ዞረ። "ማክሰኞ ጠዋት ነው የሚሉት። ማክሰኞ ግን ፋብሪካ ዕቃ የምናስረክብበት ቀን..." ብሎ ጀመረና አቋረጠው። ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ።

"እመጣለሁ" አለ። "ሚስቴም አብራኝ ትመጣለች።"

ቤቱን ሲገዙ ያላለቀሰችው፣ አንድ ዓመት በተቀነሰ ቁጥርም ያላለቀሰችው ቺዙሩ፣ ሰው እየወጣ እየገባ ባንኩ ደጃፍ ላይ አለቀሰች። ዮሺኖቡም ሆስፒታሉ መስመር ላይ እንዳለ፣ በግራ እጁ እጇን ይዞ፣ ለማክሰኞ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምግብ መብላት እንደሌለበት ይጠይቅ ጀመር።