አሥራ አንድ አዳማጮች

በ2001 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ፣ በአሮጌው የከተማ ግንብ ፈላና በር አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያችን የመድኃኒት ክፍሉ ኮምፒውተር ሰኞ ጠዋት በቫይረስ ተይዞ ፋይሎቹ ጠፍተው ተገኙ። ፋርማሲስቷ አሚና እየሮጠች መጥታ እኔ የምሠራበት ላቦራቶሪ በር ላይ ቆመች።

«ገላነሽ፣ ገመዱን ንቀይ! ቀጥሎ ያንቺ ተራ ነው፣ ወላሂ!»

ማሽኔን ከእሷና ከሌሎቹ የጣቢያው ማሽኖች ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ነቀልኩት። በእኔ ማሽን ውስጥ የአራት ሺህ ሰው የአክታ ምርመራ ውጤት አለ። የወረቀት መዝገቦቹን ምስጥ ጨርሷቸዋል። የሳንባ ነቀርሳ የተመለሰበት ሰው ምን መድኃኒት እንደሚያስፈልገው የሚታወቀው ከቀድሞው ውጤቱና ከወሰደው መድኃኒት ነው፤ ያ ከጠፋ ሐኪሙ በግምት ያክማል።

ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ቴክኒሻኑ ኪዳነወልድ መጣ። ለሁሉም ችግር አንድ መፍትሔ ነበረው።

«ያለውን ሁሉ ጠርጌ ፎርማት ላድርገውና እንገላገል።»

«የእኔ እኮ እስካሁን ደህና ነው።»

«ሐሙስ ገመዱ ይመለሳል፣ የኃላፊው ትእዛዝ ነው። ወዲያው ይያዛል። ያኔም ያው ፎርማት ነው።»

«መዝገቡን ቀድተህ አስቀምጥልኛ!»

«ፋይሉን ብቀዳውም የሚከፍተው ፕሮግራም አብሮ ይጠፋል። የጫኑት የፕሮጀክት ሰዎች ሥራቸው ሲያልቅ መጫኛ ሲዲውን ይዘውት ሄደዋል።»

ከዚያ ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንድ መስመር ጻፈ። አሥራ አንድ መስመሮች ተደረደሩ፤ ሁሉም በአንድ ቃል ያልቃሉ።

«ምን ይላል?»

«እያዳመጠ ነው ይላል።»

«ማን?»

«ማሽንሽ ነዋ! ውስጡ የሚሠሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች ሰርቪስ ይባላሉ። ስክሪኑ ላይ አይታዩም፤ ማሽኑ ሲነሣ አብረው ይነሣሉ። እነዚህ ከገመዱ ጥሪ የሚጠብቁት ናቸው። የጠራቸው ማንም ይሁን ይመልሳሉ፤ ቫይረሱም በዚያው ይገባል።»

ኮሌጅ ሳለሁ፣ ጥርት ያለ የውኃ ጠብታ መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ያየሁ ዕለት፣ በውስጡ የሚቀዝፉትን ጥቃቅን ሕያዋን አይቼ ትንፋሼ ቆሞ ነበር። አሁንም ቆመ። ከዚህ ማሽን ጋር ሦስት ዓመት ብቻዬን ተቀምጬ ዝም ያለ ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

«ታዲያ ለምን አንዘጋቸውም?»

«ጠቅላላው ከሰማንያ በላይ ነው። የተሳሳተውን ከዘጋሽ ማሽኑ ጭራሽ አይነሣም» አለና ዝርዝሩ የሚገኝበትን ቦታ አሳይቶኝ ሄደ።

ማክሰኞ አዲስ ደብተር ከፈትኩ። ሥራዬ ያስተማረኝን ደንብ ያዝኩ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። የሰርቪሱን ስም፣ የነበረበትን ሁኔታ፣ ያደረግኩትን እጽፋለሁ። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣለሁ። መዝገቡ መከፈቱን አያለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ።

ሩቅ ያለ ሰው የማሽኑን ቅንብር እንዲለውጥ የሚፈቅድ ነበር፤ ዘጋሁት። ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፍት ነበር፤ ዘጋሁት። ፋይሎቼን ለሌሎች ማሽኖች የሚያጋራ ነበር። ለመድኃኒት ክፍሉ ውጤት የምልከው እኔ ነኝ፣ ከእኔ ማሽን የሚወስድ የለም፤ እሱንም ዘጋሁት።

«አቦ፣ ይሄን ሁሉ ሠራተኛ ማን ቀጠረው?» አለች አሚና ከትከሻዬ በላይ እያየች። «ደመወዝ ቢጠይቁ አልቆልን ነበር!»

ረቡዕ ስሙ ምንም የማይነግረኝ አንድ ሰርቪስ ላይ ደረስኩ። ልዘጋው ስል በእሱ ላይ የተደገፉትን የሚያሳየውን ገጽ አስቀድሜ ከፈትኩ። ዝርዝሩ ወደ ታች ወረደ፣ ወረደ፣ አላልቅ አለ። ድምፁ፣ ኔትወርኩ፣ ሌላም ሌላም፣ ሁሉም በዚህ ባልታወቀ አንድ ስም ላይ ቆመዋል። እጄን ከማውሱ ላይ ቀስ ብዬ አነሣሁ። ደብተሩ ላይ «አይነካም» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ ኪዳነወልድ ገመዱን ሰካ። ጥቁሩን መስኮት ከፈተ፤ ሦስት መስመር ብቻ ቀርቷል። ጠበቅን። አሥር ሰዓት ላይ፣ ማክሰኞ ፎርማት የተደረገው የአሚና ማሽን እንደገና ተያዘ። የእኔ መዝገብ ይከፈታል።

«ምን አድርገሽው ነው?» አለ ኪዳነወልድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ያን ጊዜ ዓብዱላሂ የሚባሉ፣ ሶፊ ከሚባለው ገጠር የመጡ ሽማግሌ ገበሬ እያሳሉ ገቡ። ቀድሞ ታክመው ነበር፤ ካርዳቸው ጠፍቷል።

«በየትኛው ዓመት ነበር፣ አባባ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ጫቱ በውርጭ የተመታ ዓመት።»

ማሽኑ ላይ ስማቸውን ጻፍኩ። ወጣ፤ ታኅሣሥ 1996፣ ውጤቱ፣ የወሰዱት መድኃኒት፣ ያቋረጡበት ወር። እንዲታተም አዘዝኩ። ማተሚያው ዝም አለ።

«አላልኩሽም? ፎርማት...»

«አፍህን ያዝ!» አለችው አሚና።

ደብተሬን ገለጥኩ። ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣ የማተሚያ ሰርቪስ፣ ማክሰኞ በራሴ እጅ የተዘጋ። መልሼ አስነሣሁት። ወረቀቱ እየተንቀጠቀጠ ወጣ።

ዓብዱላሂ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ማንበብ ባይችሉም፣ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ወደ ማሽኑ ጎንበስ አሉ።

«ሱብሃነላህ! ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ውስጥ ነበርኩ?»