ጠራራ ፀሐይ ላይ የወረደው መብረቅ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። በእናቴ እንዳልምል እናቴ ቆማ ታየኛለች፤ ስለዚህ የምምለው በጥርሴ ነው። አንዲት ቃል ከዋሸሁ አንድ በአንድ ይርገፉ። ሁለቱ ከዚህ በፊት የረገፉት በሌላ ምክንያት ነው።

ስለ ትምህርቴ ለሚጠይቀኝ፣ ስምንተኛ ክፍልን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ሦስት ዓመት ኖሬበታለሁ። ኮምፒውተር ግን ማንም ሳያስተምረኝ ነው የለመድኩት፤ ማንም እንዳላስተማረኝም ያስታውቃል። ሰፈሩ "ኢንጂነር" የሚለኝ የጎረቤታችንን ሬዲዮ አንድ ጊዜ በጥፊ ብዬ ስላስነሳሁት ነው። ያ ሬዲዮ እስከ ዛሬ እኔ በበሩ ሳልፍ ማንም ሳይነካው ይበራል፤ ጥፊውን ፈርቶ።

ታላቅ እህቴ ልብስ ንጽህና ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት ቆማ ስትተኩስ የኖረች ናት። ማታ ስትገባ እግሯ አብጦ ከጫማዋ አይወጣም፤ እናቴ ናት የምትጎትትላት። ታዲያ በድምፅ የተቀዳ ስብሰባ እየሰማ የሚጽፍ ሰው የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ተገኘ። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ! እህቴ ከሥራው ይልቅ ወንበሩን ነው የወደደችው መሰለኝ። ስድስት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ ጣቶቿን አለማመደች። ፈተናው እቤት ሆኖ በኢንተርኔት ነው፤ ድምፅ ያሰሟታል፣ የሰማችውን ትጽፋለች። ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ያመለጠው አመለጠው፤ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ሐሙስ ጠዋት ለግማሽ ቀን ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

"አደራህን፣ የኪቦርዱን አቧራ ጥረግልኝ። ሌላ ነገር እንዳትነካ።"

"እንዴት ትጠረጥሪኛለሽ?"

"ስለማውቅህ ነዋ።"

አቧራውን ጠረግኩ። ሦስት ደቂቃ ፈጀብኝ። የኔን ያህል ችሎታ ያለው ሰው ደግሞ በሦስት ደቂቃ ሥራ አይረካም። እስቲ ውስጡንም ላጽዳላት፣ ፈጠን ይበልላት ብዬ ገባሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ስማቸው ለምላስ የማይመች፣ ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀባቸው ፋይሎች በሺህ ተኮልኩለዋል። እኛ ቤት ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። የእህቴን ማመልከቻ አውቀዋለሁ፤ የእናቴን ፎቶዎች አውቃቸዋለሁ፤ የራሴንም ጨዋታዎች አውቃቸዋለሁ። እነዚህስ የማን ናቸው? ማን አስገባቸው? ቤታችሁ ውስጥ አንዳችሁም የማታውቁት ሰው ተኝቶ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ታባርሩታላችሁ።

እናቴ አንገቷን አስገባች። "ምን እየሠራህ ነው?"

"የማናውቃቸውን እያስወጣሁ።"

"አንተንስ ማን ያውቅሃል?" ብላ ሄደች።

ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ፈቃድ የለህም አለኝ። በሕይወቴ ፈቃድ ኖሮኝ ያደረግኩት ነገር ስለሌለ ዞር ብዬ በሌላ በኩል ገባሁ። ቀጥሎ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔን! ሰው ሁሉ የሚለኝ "ዝም በል" ነው፤ እርግጠኛ ነህ ብሎ የጠየቀኝ ፍጡር የለም። ክብር ተሰማኝና አዎ አልኩት። ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ደጋግሜ እርግጠኛ ሆንኩለት። የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግኩት፤ ሥራ ጀምሮ መተው አልወድም። ስጨርስ የኮምፒውተሩ ሣጥን ከመቅለሉ የተነሳ በመስኮት የገባ ነፋስ ከጠረጴዛው ጣት ያህል አንስቶት ነበር።

አጥፍቼ ሳበራው ስክሪኑ ጠቆረና ነጭ ጽሑፍ መጣ። ለመነሳት የሚያስፈልገኝ ፋይል የለም ይላል። የጠፋውን ፋይል ስምም ጽፎታል። ስሙን ሳየው አወቅኩት፤ ካባረርኳቸው አንዱ ነው።

ሣጥኑን በአንሶላ ጠቅልዬ እንደታመመ ሕፃን አቅፌ፣ ሦስት መንገድ ተሻግሬ ጥገና ቤት ደረስኩ። ጠጋኙ ብሎኖቹን በጠርሙስ ክዳን ለይቶ የሚያስቀምጥ፣ ቃሉንም እንደ ብሎኖቹ የሚቆጥር ሰው ነው።

"ምን ሆነ?" አለኝ።

እውነቱን ብነግረው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ኢንጂነር የተባለ ሰው "የማላውቃቸውን ፋይሎች አባረርኩ" ብሎ እንዴት ይናገራል? አፌ ቀደመኝ።

"መብረቅ መታው።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ያብለጨልጫል።

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"ከየት መጣ?"

"ከላይ።"

አሁንም መፍቻውን ሳይነካ ሲያየኝ ውሸቴ የራበው መሰለኝና አጎረስኩት። "በመስኮት ገባ፤ በስፒከሩ ሽቦ ሄዶ ሣጥኑ ውስጥ ዞር ዞር አለ፤ ከዚያ በበሩ ወጣ። እናቴን እንኳን ደህና ዋይ አላላትም።"

"በስፒከሩ በኩል?"

"በስፒከሩ በኩል።"

መፍቻውን አነሳ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እዚያው በርጩማ ላይ ተቁለጨለጭኩ። እሱ የጠፉትን ፋይሎች ከራሱ ዲስክ መለሰ፤ ሌላ ምን እንደነካ አልነገረኝም። በመጨረሻ ስልክ ቁጥሩን የጻፈበትን ወረቀት ሰጠኝና፣ "ተነስቷል፤ ውሰደው" አለኝ።

እቤት ስደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እህቴ ፀጉሯን አበጥራ፣ ወንበሩ ላይ ትራስ አንጥፋ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አፍጣለች። አንሶላውን አየች፤ እኔን አየች።

"ለጥንቃቄ ነው" አልኳት።

ኮምፒውተሩ እንደ ፈረስ ተነሳ። የመለማመጃ ቅጂዋን ከፈተች። ዝም። ድምፁን ጨመረች። ዝም። ከታች ጥግ ላይ የስፒከሯ ምስል በቀይ ተሰርዛለች።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ፤ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ድምፁን እስከ ጣራው ከፍ አደረግኩ። ሽቦውን ነቅዬ ቀዳዳ በተባለ ሁሉ ሰካሁ። እፍ አልኩበት። በመጨረሻ እጄን ለጥፊ ሳነሳ፣

"እጅህን ሰብስብ!" አለችኝ እህቴ። "ምን አደረግከው?"

"ምንም።"

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸችም። እጆቿን ኪቦርዱ ላይ እንዳኖረች እግሮቿን ቁልቁል አየቻቸው። "እንግዲህ ነገም ካውያ ነው" አለች፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን።

እሷን ለማየት ዓይን አጣሁ። ወደ ጠጋኙ ደወልኩና ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ላውድ ላይ አደረግኩት።

"ድምፅ የለውም" አልኩ።

"አዎ፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት።"

"ለምን?"

"መብረቅ በስፒከሩ በኩል ገባ ብለኸኝ የለ? የተቃጠለ የድምፅ ካርድ ሌላውንም ይዞ እንዳይሞት ነዋ። ልክፈተው ካልክ አሳይሃለሁ፤ ጭስ ከመጣ ግን የለሁበትም። በዚያ በኩል መምታቱን እርግጠኛ ነህ?"

ለዘጠኝ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። እህቴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። እናቴ በሩን ተደግፋለች። ያን ጊዜ ደረቴን ነፍቼ፣ "ወንድሜ፣ መብረቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ፋይሎቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "ታዲያ ካርዱ ደህና ነዋ! ማውዙን ያዝ።"

"እሱ አይዝም" አለች እህቴ፤ ማውዙን ወሰደች። ጠጋኙ እየመራት የኮምፒውተሩን ዕቃዎች ዝርዝር ከፈተች፤ ድምፅ የሚለውን መስመር አገኘች፤ የተዘጋውን ከፈተችው። ቀዩ ምልክት ጠፋ።

እኔ እስከ ጣራው ያደረስኩትን ድምፅ ማንም አልቀነሰውም ነበር። "ስብሰባው ተከፍቷል!" የሚል ጎርናና ድምፅ ከመለማመጃ ቅጂው ወጥቶ ቤቱን አናወጠው። መንገድ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ስብሰባ የተጠራ መስሎት የራሱን ወንበር ይዞ መጣ፤ ደንበኛው ግማሽ ፀጉሩን እንደተላጨ ተከትሎት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እህቴ መጻፍ ጀመረች። እኔ ውጭ ተጥዬ መኪና እንዳያጮሁ ሾፌሮችን ስለምን ዋልኩ። በሳምንቱ ለሥራው ተጠራች። አሁን ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ የሰው ክርክር ትሰማለች፤ ጭራሽ ወገቤን አመመኝ ማለት ጀምራለች።

እንግዲህ አንዲት ነገር ልናዘዝ። ሬዲዮውንም ፀጉር አስተካካዩንም አልነካም፤ እንዳሉ ይቀመጡ። የፈጠርኩት ደረቴን ነፍቼ እውነቱን ተናገርኩ ያልኩትን ብቻ ነው። ጠጋኙ እርግጠኛ ነህ ወይ ሲለኝ፣ "በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ሰማያዊ ነበር" ነው ያልኩት። ጭራው ስንት ክንድ እንደነበር ልነግረው ስል እናቴ ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ።

"የኔ ልጅ፣ የምን መብረቅ?" አለችው፣ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ። "እኛ ቤት የወረደው መብረቅ ይሄው ነው፤ የወረደም ሃያ ስድስት ዓመቱ።"