ያልቆሸሹት ሰሌዳዎች

ኩየን ወደ አክስቷ የጫማ መሥሪያ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ሰሌዳዎቹ ላይ ነው። ከስድስት ወር በፊት ሃኖይ ካለው ቤተ ሙከራዋ ተሸክማ አምጥታ ግድግዳው ላይ የሰቀለቻቸው አሥራ ሁለቱም፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ነጭ ነበሩ።

ሰሌዳዎቹ የተቀቡት ዱቄት አራት ዓመቷን የበላ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ደም የሚመርዘውን የማስቲሹን ትነት ሰባብሮ ወደማይጎዳ አየር ይለውጠዋል። ሥራ የበዛበት ሰሌዳ ደግሞ እየዋለ እያደረ ቢጫ ይላል። እዚህ ቤት ውስጥ ስድስት ወር ተሰቅሎ ነጭ ሊሆን አይችልም።

ጠጋ ብላ በጣቷ ነካችው። ስስ ላስቲክ ነው። እያንዳንዱ ሰሌዳ ተጠቅልሎ ዙሪያው በፕላስተር ታሽጓል።

«ማን ነው የሸፈነው?»

«ማን ይሆናል፣ እኔ ነኛ» አለች አክስቷ ሙይ፣ ሶሉን ማስቲሽ እየቀባች። «ያንቺ ልፋት ማስቲሽ ይረጭበት? የቴሌቪዥኔ ሪሞት እንኳ ከነላስቲኩ አሥር ዓመቱ ነው።»

«ምነው ባልሽንም ጠቅልለሽው በነበር» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት። «አይጠፋብሽም ነበር።»

ቤቱን የሞሉት ስምንት ሠራተኛ ሴቶች ተንከተከቱ። ኩየን መሳቅ አቃታት። በዚህ መንደር አዲስ ዕቃ ከላስቲኩ እንደማይወጣ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ እናቷ ከሞተች በኋላ ሙይ ያሳደገቻት እዚሁ ነው። ያን ጊዜ «ብርሃን እንዳታሳጧቸው» ብላ አስጠንቅቃ ሄደች። አየርም ይንካቸው ማለት አልታሰባትም። ላስቲኩ ብርሃኑን አሳልፎ አየሩን ከልክሎ ከርሟል። መስኮቶቹንም ያዘጋቻቸው ራሷ ናት፣ ነፋስ የትነት ልኬቷን እንዳያበላሽባት። ከዚያ ሌላ ሥራ ጠምዷት ሳትመለስ ከረመች፤ ስምንቱ ሴቶችም ይህን ሁሉ ጊዜ ታፍነው ትነቱን ሲምጉ።

«አክስቴ፣ ክንድሽ ምን ሆኖ ነው?»

ሙይ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። «ዝም ብሎ ይበልዛል። ሐኪሙ መቅኔሽ ደም መሥራት እያቆመ ነው አለኝ። ሆስፒታል ግቢ ይለኛል፤ ይሄን ሁሉ ጫማ ማን ሊጨርሰው?»

«መቼ ነው ያለሽ?»

«ባለፈው ወር። ተይው እሱን። ዱቄትሽ ግን ጉድ ነው፣ ልጄ። ድሮ ራሴን ይፈልጠኝ የነበረው የማስቲሽ ሽታ አሁን ጭራሽ አይሸተኝም።»

ኩየንን ግን ከገባች ጀምሮ ሽታው ዓይኗን እያቃጠላት ነው። ሄዳ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። እንደረፈደ ታውቃለች።

ሙይ ጠረጴዛውን ተደግፋ በጭንቅ ተነሣች። ትንፋሽዋ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሄዳ መስኮቱን መልሳ ዘጋችው።

«ምን ነክቶሽ ነው?» አለቻት። «ልኬትሽ ይበላሻል እኮ።»